ልጃችሁ «አሳታሚነት ልማር» ስትላችሁ

በውጭ አገር የምትኖሩ አንዳንድ ወላጆች፣ ልጃችሁ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ «ሁለተኛውን በመጽሐፍ አሳታሚነት ልሥራ» ስትላችሁ የምትመልሱት ይታወቀኛል። «ምን? ማተሚያ ቤት ልትገቢ?»

አልፈርድባችሁም። እኛ ማተሚያ ቤትንና አሳታሚን አንድ አድርገን የምናይ ሰዎች ነን። ማተሚያ ቤት ማለት ወረቀትና ቀለም ነው፤ ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ይህንኑ ነው። አሳታሚ ግን የትኛው ጽሑፍ መጽሐፍ መሆን እንደሚገባው የሚወስን፣ ገንዘቡን የሚያወጣ፣ ካልተሸጠም ኪሳራውን የሚሸከም ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ተበድሮ ያሳትማል፣ ራሱ ተሸክሞ ያከፋፍላል። ታዲያ ሥራውን ለይተን ከየት እናውቀው?

ትምህርቱ በእንግሊዝ በኦክስፎርድ ብሩክስ፣ በስኮትላንድ በስተርሊንግ፣ በኒው ዮርክ ደግሞ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና በፔስ ይሰጣል። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል። ተማሪዎች ጽሑፍ መምረጥና ማረም፣ የቅጂ መብትና የውል ሕግ፣ የሽፋንና የገጽ ንድፍ፣ የመጽሐፍ ገበያ ይማራሉ። ሂሳቡም ከባድ ነው፤ ስንት ቅጂ ይታተም? በስንት ይሸጥ? ወጪው የሚመለሰው ስንት ሲሸጥ ነው? በኦሪገን የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡሊጋን የተባለ አሳታሚ ሲቋቋም፣ ጽሑፉን አንብበው፣ አርመውና ነድፈው እውነተኛ መጽሐፍ ለገበያ ያወጡ የነበሩት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ከመማሪያ ክፍል ንግግር አስበልጣለሁ።

ሥራውስ? ሁሉ አርታኢ መሆን ይመኛል፤ መግቢያው ግን የአርታኢ ረዳትነት ነው፤ ደብዳቤ መመለስ፣ የመጣውን ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት መጻፍ፣ ቀጠሮ መያዝ። ከዚያ ሌላ የምርት ክትትል፣ የሽያጭ፣ የማስታወቂያና የደራሲ ወኪልነት ሥራ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው የመብት ክፍል ነው። በቤተ ክርስቲያን ጠረጴዛ ላይ ከምትገዟቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ትርጉም ናቸው አይደል? የትርጉም ፈቃድ የሚጠየቀውና የሚሸጠው እዚያ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርታ የምታውቅ ልጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትመቻለች ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቃችሁ ወደ ገንዘቡ። ደመወዙ ትልቅ አይደለም። ዞንደርቫንና ቶማስ ኔልሰን የሚገኙበት ሃርፐርኮሊንስ፣ በኒው ዮርክ ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞቹ በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁመው ነበር፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛው የመነሻ ደመወዝ በዓመት 45,000 ዶላር ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 ሲስማሙ ከ2025 ጀምሮ 50,000 እንዲሆን ተወሰነ። በኒው ዮርክ የቤት ኪራይ ይህ ምን እንደሚያደርግ እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ደግሞም ዲግሪው እንደ ነርስ ፈቃድ አይደለም፤ ያለ እርሱም ይገባል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራድክሊፍ ይሰጥ የነበረው፣ በኋላም ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዞረው አጭር ኮርስ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ብዙዎች በእርሱ በኩል ገብተዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ልጅቷን ከመሃል አስቀምጡና ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩ። አባት በአንድ ክፍል «እምቢ»፣ እናት በሌላ ክፍል «እሺ ልጄ» የሚባባሉበት ቤት አይሁን። ሙሉ ክፍያው በብድር ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት አስቀድማ አንድ ዓመት በማንኛውም አሳታሚ ቤት በረዳትነት ትሥራ። ነጻ የትምህርት ዕድል ካገኘች ግን አትከልክሏት።

ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ስንቱ በሙያው ተቀጠሩ? የሥራ ልምምዱ የት ነው? ይከፈልበታል?