የፋርማሲ ተማሪ በመሣሪያ ሳይለካ አይመረቅ
በፋርማሲ ትምህርት ስለ መሣሪያ ትንተና የተሰጠ የማኅበር አቋም መግለጫ

ማኅበራችን በመድኃኒት ትንተና ትምህርት ይዞታ ላይ ተወያይቶ የሚከተለውን አቋም ይዟል። ማንኛውም የፋርማሲ ተማሪ ናሙናውን ራሱ አዘጋጅቶ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ ያገኘውን ውጤት በመምህራኑ ፊት ሳያስረዳ ዲግሪ ሊሰጠው አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት መስከረም 25 ቀን 2015 ዓ.ም. በጋምቢያ ስለተገኙ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በሽሮፖቹ ውስጥ ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል የተባሉ ኩላሊትን የሚጎዱ መርዞች ተገኝተዋል። ዳይኢታይሊን ግላይኮል እንደ ግሊሰሪን ቀለም የሌለው፣ ወፈር ያለና ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሆነ በዓይንም በጣዕምም አይለይም። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ግን ለይቶ ያሳየዋል፤ የሚፈቀደውም መጠን ከ0.10 በመቶ አይበልጥም። ይኸው መርዝ በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። መመርመሪያው ዘዴ ከታወቀ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሕፃናት በዚሁ መርዝ መሞታቸው ማኅበራችንን እጅግ ያሳስበዋል።

መሣሪያ መኖሩ ብቻውን አያድንም። በ2008 እ.ኤ.አ. የተበከለ ሄፓሪን የተለመዱትን ምርመራዎች አልፎ ሕሙማን ጋ ደርሷል፤ ባዕዱ ነገር የታወቀው እንደ ኤን.ኤም.አር. ባሉ ሌሎች ዘዴዎች ነው። ተማሪው ይህን ትምህርት ከቀላል ምሳሌ ሊጀምር ይችላል። አስፒሪን እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል። አስፒሪንም ሳሊሲሊክ አሲድም አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመጥጣሉ። ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ በስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ የለካ ሰው የፈረሰውን እንደ ደኅና መድኃኒት ሊቆጥረው ይችላል። በኤች.ፒ.ኤል.ሲ. (በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ) ሲለካው ግን ሁለቱ በየራሳቸው ፒክ ተለይተው ይወጣሉ። ይህን ልዩነት በገዛ እጁ ያየ ተማሪ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ይገባዋል፤ በስላይድ ብቻ የተማረው ግን ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል።

በእጅ ካልተሠራ የማይያዝ ዕውቀትም አለ። ፎስፌት ባፈር ከብዙ አሴቶናይትራይል ጋር ሲገናኝ ጨው ሆኖ ይረጋል፤ ፓምፑንና ኮለሙን ይደፍናል። ከሥራ በኋላ በመጀመሪያ ውኃ በበዛበት ፈሳሽ ማጠብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ናሙና በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ስታንዳርዱ አምስት ጊዜ ተወግቶ የፒኮቹ ስፋት መለዋወጥ ከ2 በመቶ ከበለጠ፣ መጀመሪያ የመሣሪያው ችግር ይፈለጋል እንጂ ናሙና አይለካም። የማይስማማውን ውጤት ሰርዞ የሚስማማውን ብቻ መያዝም ማጭበርበር መሆኑን ተማሪው እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ መማር አለበት። ይህን ነጥብ ከሁሉም በላይ እናከብደዋለን፤ በፋብሪካ ውስጥ የተሰረዘ አንድ ውጤት በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ጋ ይደርሳልና።

በሀገራችን የሚታየው ሁኔታ ከዚህ የራቀ ነው። በብዙ ቦታ ተማሪዎች መሣሪያውን ከበው ይቆማሉ፤ ቁልፉን የሚጫነው የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑ ነው። መሣሪያ በእርዳታ ይመጣና ኮለም፣ ሪኤጀንት ወይም መለዋወጫ ስለሌለው ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ የእጅ ሙያን አይለካም።

ስለዚህ የተግባር ምዘና ከመመረቂያ መስፈርቶች አንዱ እንዲሆን እንጠይቃለን። መሣሪያ ሲገዛ የጥገና፣ የኮለምና የሪኤጀንት ዓመታዊ በጀት አብሮ ይያዝ፤ ይህ ካልሆነ ግዢው ባይፈጸም ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለን። ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ እስኪያገኙ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። በሲሊካ ሰሌዳ፣ በማሟሟያና በአልትራቫዮሌት መብራት የሚሠራው ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ የመለየትን ጥበብ በሚገባ ያስተምራል። ታይትሬሽንም ቢሆን የትክክለኛ ልኬት መሠረት ስለሆነ ከሥርዓተ ትምህርቱ መቀነሱን እንቃወማለን።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የመድኃኒት ፋብሪካዎች የጥራት መመርመሪያ ቤተ ሙከራዎቻቸውን ለተማሪዎች በየዓመቱ በተወሰነ ጊዜ እንዲከፍቱ፣ ትምህርት ሚኒስቴርም የተግባር ምዘናውን በመመሪያ እንዲያጸና በአክብሮት እንጠይቃለን። የፋርማሲ መምህራን ሆይ፣ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ቢያንስ አንዱን ልኬት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተማሪው እጅ ተዉለት።