የቤዝመንቱ ኮምፒውተር ስንት ያወጣል?

ባለፈው ወር ሜሪላንድ ያሉት አጎቴ ቤት ሊቀይሩ ዕቃ ሲያወጡ ከቤዝመንት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቅ አለ፤ ኮሞዶር 64። ወዲያው ደወሉልኝ። «ይኼ እኮ አሁን ቅርስ ነው፤ ለሠርግሽ ይሆንሻል» አሉኝ እየሳቁ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ግን የምር ነበር። እናንተም ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ እንዲህ ያለ ስልክ ሊደርሳችሁ ይችላልና፣ ለእሳቸው ያልኳቸውን ላጫውታችሁ።

የብዙ ሰው ተስፋ የሚነሳው ከአፕል 1 ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ኮምፒውተር የተሠራው 200 ያህል ብቻ ነው። ያኔ ዋጋው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር፤ በ2014 ኒውዮርክ ውስጥ በቦንሃምስ ጨረታ አንዱ 905,000 ዶላር አወጣ። ኮሞዶር 64 የወጣው ከእሱ ስድስት ዓመት ብቻ ዘግይቶ ነው። ነገር ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ዛሬም ፈላጊ አያጣም እንጂ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ገንዘብ አይሆንም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ስለ ዋጋ ሲነሳ የማምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገዢ በእርግጥ የከፈለው። ኢቤይ ላይ ሻጭ የፈለገውን ቁጥር ይለጥፋል፤ የተለጠፈው ዓመት ሙሉ ቁጭ ሊል ይችላል። የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ እሱን ተጭናችሁ እዩ።

ከዚያ ዕቃው ራሱ ይታያል። ካርቶኑ፣ መመሪያ መጽሐፉና ገመዶቹ አብረው ካሉ ዋጋው ይጨምራል፤ ካርቶን እንደ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ገንዘብ እየጣለ ነው። ፕላስቲኩ ቢጫ ከሆነም አትፈትጉት፤ ቆሻሻ ሳይሆን በብርሃንና በጊዜ ብዛት የመጣ ለውጥ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ መሰካት ነው። የኮሞዶር 64 አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይለቅና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር እንዳይሰኩት!» ያልኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ባለሙያ ይለካው። ተሞክሮ የሚሠራ መሆኑ በፎቶ ከታየ፣ «አልተሞከረም» ከሚባለው የተሻለ ያወጣል። አዲስ አበባ ድረስ ከመጣላችሁማ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ የአሜሪካው ዕቃ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ባትሪ ያላቸው የኋለኞቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ባትሪያቸው አፍስሶ ውስጣቸውን ሊበላው ስለሚችል ቶሎ ይውጣላቸው።

አጎቴ ካርቶኑን ከነመመሪያው አገኙት፤ ሰርጉን ባይሸፍንም ጥሩ ገዢ ያገኛል። ከሥሩ የተገኙትን ዲስኮች ግን አልሸጥም ብለዋል። አንዱ ላይ ልጃቸው በሰባት ዓመቷ በእርሳስ የጻፈችው ስሟ አለ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያነብላቸው ሰው እየፈለጉ ናቸው።