በግንቦት የሚጠየቅ ድምፅ፣ በጥቅምት የሚለቀም ቡና

የአገራችን ጠቅላላ ምርጫዎች የተካሄዱባቸውን ቀናት እናስታውስ፦ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 እና ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.። በእነዚህ ወራት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው። ያለፈው ዓመት ምርት ተሽጦ አልቋል፤ የአርሶ አደሩም እጅ አጥሯል። የእሸት ቡና ዋጋ በየቤቱ መነጋገሪያ የሚሆነው ለቀማው ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የምረጡኝ ቅስቀሳው ካበቃ ወራት አልፈዋል።

ዕጩዎች መንገድን፣ መብራትን፣ ሆስፒታልን የሚያስቀድሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ስለዚህ ዕጩው ሁሉን የሚያስማማ ጉዳይ ይመርጣል። መንገድን የሚቃወም የለም። የቡና ዋጋ ግን አምራቹን፣ አቅራቢውንና ላኪውን ለየብቻ ያቆማል፤ ለአንዱ የተገባው ቃል ሌላውን ያስከፋል። በዚያ ላይ የዓለም ገበያ ዋጋ ከዕጩው አቅም በላይ ነው።

የክልልነት ጥያቄም ሕዝቡን በአንድነት ያሰለፈ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ምላሽ አግኝቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። አሁን ክልሉ ተገኝቷል፤ ቀጣዩ ጥያቄ የጓሮው ነው።

ዋጋን ማንም ቃል ሊገባ አይችልም፤ ጥራት ግን እዚሁ በእጃችን ነው። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢያችን መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ይሻግታል፣ የአፈር ጠረንም ይይዛል። የማድረቂያ አልጋ፣ ከቀበሌ ወደ ገበያ የሚያደርስ መጋቢ መንገድ፣ በወቅቱ የሚደርስ ችግኝ፣ ያረጀ ቡናን ለሚጎነድል አርሶ አደር እስኪያፈራ የሚደግፍ ብድር፦ እነዚህ ዕጩ ሊጠየቅባቸው የሚገቡ ናቸው።

አርሶ አደሩም የጥቅምትን ችግር እስከ ግንቦት ሊረሳው አይገባም። በለቀማ ጊዜ የተበደለበትን ነገር ይዞ ወደ ቅስቀሳው መድረክ ይምጣ። የምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ የቡና ችግኝ ግን በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ዛሬ ችግኝ አቀርባለሁ ያለ ዕጩ ለቀጣዩ ምርጫ ተመልሶ ሲመጣ፣ ቃሉን መጠበቁን የሚመሰክርለት ጓሯችን ውስጥ ያለው ቡና ይሆናል።