«ስሙን ግን ፋቁልኝ»

አጎቴ ቃሊቲ ውስጥ የብረት በር ይሠራል። ተማሪ እያለሁ ክረምቱን የማሳልፈው እሱ ጋ ነበር፤ ላሜራ እይዝለታለሁ፣ አንቲረስት እቀባለሁ። ዛሬ የምተዳደረው ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም ብቅ እላለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ያየሁት ነገር ነው።

አንድ ደንበኛ ያዘዘውን በር ሊረከብ መጣ። ሦስት ሳምንት የፈጀ ሥራ ነው፤ ላዩ ላይ አጎቴ በእጁ ያጠማዘዘው የወይን ሐረግ አለበት። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ወደደው፣ ቀሪውን ሒሳብ ሊያስተላልፍ ስልኩን አወጣ። ከዚያ በውስጠኛው በኩል፣ ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ፣ ከጣት የማትበልጥ ጽሑፍ አየ። የአጎቴ ስምና ዓመተ ምሕረት ናት።

«ፋዘር፣ በጣም አሪፍ ነው። ስሙን ግን ፋቁልኝ። ቤቴ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም።»

አጎቴ ምንም ሳይናገር ግራይንደሩን አነሳ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰውየው ከፍሎ ሲሄድ መኪናውን ከኋላ አየሁት፤ «ቶዮታ» ይላል፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል። በሩ ላይ የተገጠመው ቁልፍ ላይም የፋብሪካው ስም አለ። እሱን ፋቁልኝ አላለም።

እንግዲህ ጥያቄው የማስታወቂያ አይደለም ማለት ነው። ማስታወቂያ የሚያስጠላው ሰው መጀመሪያ መኪናውን ይፍቅ ነበር። የፋብሪካ ስም ሲሆን «ብራንድ» ነው፤ የቃሊቲ በያጅ ስም ሲሆን ግን ቆሻሻ ይሆናል።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ባለሙያ በትእዛዝ በሠራው ሥራ ላይ ስሙን ማኖር አለበት፣ ገዢው ባይፈልግም። ገዢው «ከፊት አይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ ስልክ ቁጥር አይጨመር» ቢል መብቱ ነው። ስልክ ቁጥር በርግጥም ማስታወቂያ ነው። ስም ግን እውነት ነው፤ ይህን ነገር ማን እንደሠራው ይናገራል፣ በቃ።

«ከፍያለሁ፣ ንብረቴ ነው» ይባላል። ልክ ነው፣ በሩ ያንተ ነው። ቀለሙን ቀይረው፣ ሽጠው፣ ከፈለግክ አቅልጠው። የገዛኸው ግን በሩን ነው፤ ማን እንደሠራው የሚለው ታሪክ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ሕጋችንም ስለ ፈጠራ ሥራ ሲናገር ይህን ልዩነት ያውቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ጭምር ይሸፍናል። የገንዘብ ጥቅሙ የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ በስሙ የመታወቅ መብት ከሠሪው ጋር ይቀራል ይላል። ስምን ሳይገልጹ የመቅረት መብትም እዚያው አለ፤ እሱም ቢሆን የተሰጠው ለሠሪው ነው፣ ለገዢው አይደለም።

«ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ትሑት ነው፣ አባቶቻችን መች ፈረሙ?» የሚለኝም አይጠፋም። በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉትን የድሮ ሥዕሎች እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ የሚማጸን ሰው አለ፣ ስሙም ተጽፎለታል። ያ ሰው ሠዓሊው አይደለም፣ ገንዘቡን ያወጣው ነው። ትሕትናው ለአሠሪው አልደረሰም ማለት ነው! በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን ዛሬ በስም የምናውቀው፣ ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ አንድ ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር እሱም «ያልታወቀ ሠዓሊ» ይባል ነበር። ላሊበላስ? አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ስናነሣ የምንጠራው ንጉሡን ነው፤ በትውፊቱ ደግሞ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር። ድንጋዩን የፈለፈሉት ሰዎች ስም ግን የለንም።

የተሻለ ልማድም ነበረን። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ጸሐፊውም አስጻፊውም አብረው ይጠቀሳሉ፣ ለሁለቱም ምሕረት ይለመናል። ያወጣውም የደከመውም ጎን ለጎን። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ብዕር የያዘው ስሙን ሲያገኝ መዶሻ የያዘው ያጣበት ምክንያት ትሕትና አይመስለኝም፣ ንቀት ነው። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ብሎ የሰደበ አገር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ግን ሥራውን ወስዶ ስሙን መፋቅ የዚያው ስድብ ታናሽ ወንድም ነው።

በፈቃዱ ስሙን የሚተው ባለሙያ የለም አልልም። ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሐማዳ አብዛኛውን ሥራውን ሳይፈርም ነበር የሚሸጠው፤ አገሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ሕያው የብሔር ቅርስ ብላ ሰይማዋለች። ሐማዳ ያልፈረመው ራሱ ስለመረጠ ነው። አጎቴ ምን ምርጫ ነበረው? ቀሪው ገንዘብ ገና በሰውየው ስልክ ውስጥ ነበር። ላሜራውና ቱቦላሬው በዱቤ የመጣ ነው። ርክክብ ላይ፣ ሒሳብ ሳይዘጋ የሚቀርብ «እባክህ» ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ስሙ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ቀብድ ሳይከፍል በፊት ይናገር፤ ባለሙያውም አስቦ፣ ዋጋውንም ጨምሮበት፣ እሺ ወይም እምቢ ይበል።

እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ተመርቄ እንደወጣሁ ለአንድ ድርጅት ሲስተም ሠራሁ። በጊት ላይ እያንዳንዱ ለውጥ የጻፈውን ሰው ስም ይይዛል። ሲረከቡ «ሂስትሪውን አጥፍተህ ስጠን» አሉኝ፣ ክፍያው ስላልተጠናቀቀ አጠፋሁት። በኋላ ሥራ ስፈልግ «ምን ሠርተሃል?» ተባልኩ። የማሳየው አልነበረኝም፣ ስምንት ወሬ ሆኖ የቀረ ወር ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የአታሪው ዋረን ሮቢኔት ድርጅቱ የሠሪዎችን ስም ስለማይገልጽ ስሙን ጌሙ ውስጥ በአንድ ምስጢራዊ ክፍል ደብቆታል። ታሪኩን እንደ ቀልድ እናወራዋለን እንጂ፣ ሰው በገዛ ሥራው ውስጥ ስሙን እንደ ሌባ መደበቁ ያሳፍራል።

ደግሞም ስም ገዢውን ይጠቅማል። ስሙ የተጻፈበት በያጅ 1.5 ሚሊ ላሜራ ብሎ 1 ሚሊ ለመግጠም ሁለት ጊዜ ያስባል። በሩ ከዓመት በኋላ ቢዘምም ማን ጋ እንደምትሄድ ታውቃለህ። ስም የሌለው ሥራ ተጠያቂም የለውም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። ደረሰኙ ላይ «ሥራው የሠሪውን ስም ይይዛል» የሚል አንድ መስመር እናሳትም አልኩት። ሳቀ። «አንተ ደመወዝ አለህ» አለኝ። «እኔ እምቢ ካልኩ ሰውየው ቀጥሎ ያለው ቤት ይገባል።»

እውነቱን ነው። ብቻውን እምቢ የሚል ባለሙያ ደንበኛ ያጣል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ጀግንነት ሊሆን አይችልም። በዚያ መስመር ያሉት ብየዳ ቤቶች ሁሉ ያንኑ አንድ መስመር ደረሰኛቸው ላይ ቢያሳትሙ፣ ደንበኛው የሚሸሽበት ቀጣይ ቤት አይኖርም። ሸማኔውም፣ እንጨት ሠሪውም፣ እኛ ኮድ ጸሐፊዎችም እንደዚያው።

እስከዚያው ግን ግማሹ በእናንተ እጅ ነው። ነገ በር፣ ሶፋ፣ የጥበብ ቀሚስ፣ ሎጎ የምታዙት እናንተ ናችሁ። ስትረከቡ «ስምዎ የታል?» በሉ። ከሌለ ደግሞ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አስጽፉት።