ፈረስ በቪዲዮ አይመረጥም

ጥር 23 ሲደርስ ስልካችን በእንጅባራ ፈረሶች ቪዲዮ ይሞላል። ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው፤ ቢያምር አይገርምም። ችግሩ፣ እኛ የዳንግላ ወጣቶች ፈረስ ልንገዛ ስንወጣ ዓይናችን የሚፈልገው ያንን በደንገላሳ የሚበረውን ነው። በዓሉ እኮ አንድ ቀን ነው! በቀረው ጊዜ ያው ፈረስ እህል ይጭናል፣ ገበያ ያደርሳል፣ አንዳንድ ቦታም ያርሳል። በረዶ አገር ያለ ሰው ለሁሉም ቁልቁለት የሚሆን አንድ ጠንካራ ስኪ እንደሚመርጠው፣ አቅሙ ለአንድ ፈረስ ብቻ የሆነም ሁሉን ቻዩን ይግዛ ባይ ነኝ።

ከጋማውና ከጌጡ በፊት እግሩን እዩ። ሰኮናው ተሰንጥቋል? አፉን አስከፍቱ፤ ዕድሜው ጥርሱ ላይ አለ። ኮርቻውን አስወርዳችሁ ጀርባውን ዳስሱ፣ ቁስል የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይም ጭቃ ላይም በሶምሶማ አስኪዱት፤ በግልቢያ የተሸፈነ ማነከስ ያኔ ብቅ ይላል። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ (መቼም የማይቸኩል ሻጭ የለም) ሌላ ፈረስ እዩ።

«ይሄማ አይሮጥም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ይበል። ሐምሌ ላይ ጭነት ይዞ ያንን ጭቃ ዳገት ይወጣላችኋል። ጥር 23 ደግሞ አስጊጣችሁ ውጡበት፤ ሶምሶማው አያሳፍርም።