ምልክቱ የጠፋ ዓሣ እንደ ሞተ አይቈጠር

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ በሚወርድበት አገር፣ በማራቢያ ኩሬ ያደጉ የሳልሞን ጫጩቶች በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ይለቀቃሉ። ከእነርሱም ስንቱ ከባሕር ተርፎ እንደሚመለስ ለማወቅ ሲባል፣ ጄፈርትስ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት ዘዴ መሠረት፣ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች የብረት ሽቦ በጫጩቱ አፍንጫ ውስጥ ትተከላለች።

ሥራው እጅግ ረቂቅ ነው። ጫጩቱ በመድኃኒት ከደነዘዘ በኋላ አፍንጫው በልኩ በተበጀ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ መርፌዋም ሽቦዋን በለስላሳው አጥንት ውስጥ ታኖራለች፤ በጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ አቅራቢያ ያለችው ትንሽ ክንፍ ደግሞ ለተመልካች ምልክት ትሆን ዘንድ ትቈረጣለች። ነገር ግን ቅርጹ ከዓሣው ራስ ጋር ያልተመጣጠነ ወይም መርፌዋ ጥልቀቷን የሳተች እንደሆነ፣ ሽቦዋ በገባችበት ቀዳዳ ተመልሳ ትወጣለች፤ ይህም በአብዛኛው የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሌላው ዓይነት፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚቀበረውና 12 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝመው የመስታወት ምልክትም ቢሆን፣ እንስቲቱ ዕንቍላሏን ስትጥል አብሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምልክት ከተደረገባቸው 1,000 ጫጩቶች መካከል 100ዎቹ ምልክታቸውን ጣሉ እንበል። መዝጋቢው ይህን ካላወቀ፣ እነዚያ 100 በሙሉ በሕይወት ቢኖሩ እንኳ ከሙታን ጋር ይደምራቸዋል፤ ማራቢያው ባልሠራው ጥፋት ይኰነናል፤ ለአጥማጁ የሚፈቀደው መጠንም በሐሰተኛ ምስክር ይወሰናል።

ምልክቱ ስለ መጽናቱ መመርመር ጊዜና ወጪ ይጠይቃል የሚል ሰው ቢኖር፣ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ምልክት ከተደረገባቸው ጫጩቶች ጥቂቶቹን አንድ ወር ያህል አቆይቶ በመለያ መሣሪያ ፊት ማሳለፍ፣ በተሳሳተ ቍጥር ለዓመታት ከመመራት እጅግ ይቀላል።

በሀገራችንም ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል የሚወጡ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ወደ ሐይቅና ግድብ ሲጨመሩ ኖረዋልና፣ ወደ ፊት ምልክት አድርገን እንልቀቅ የምንል ከሆነ፣ ከተለቀቁት ብዛት አጠገብ ምልክታቸውን የጠበቁትን መጠን መርምረን እንጻፍ፤ ይህ ያልተጻፈበትንም መዝገብ አንቀበል።