ምክትልነቱ የማን ነበር?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሹመትን ስም ግን የሚያወጣው ሕግ ነውና ስሙና ሥራው ሲጣሉ ዝም ብለን ልናልፍ አይገባም ባይ ነኝ። ምክትል ማለት የሌላ ሰው ረዳት፣ ሌላው ሰው ሲጓደል የሚተካ ማለት ነው። ሌላው ሰው ከናካቴው ከሌለ ምክትልነቱ የማን ነው?

ጥያቄዬ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እኔ የምኖርባት አዲስ አበባ ከሐምሌ 2010 እስከ መስከረም 2014 ዓ.ም. ድረስ ከንቲባ የሚባል ሰው አልነበራትም። ያስተዳደሯት ምክትል ከንቲባዎች ናቸው፤ በመጀመሪያ ታከለ ኡማ፣ ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዳነች አቤቤ። ኦሮሚያም ከሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አንሥቶ ከሁለት ዓመት በላይ የተመራችው ምክትል ፕሬዚዳንት በተባሉት በሽመልስ አብዲሳ ነው። የሶማሌ ክልል መሪ ሙስጠፌ መሐመድም ለዓመታት ሲጠሩ የኖሩት ምክትል ርዕሰ መስተዳድር እየተባሉ ነው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠ አለቃ ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዴት ሆነ ቢሉ መልሱ አጭር ነው። ከንቲባም ሆነ ርዕሰ መስተዳድር የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ ምክር ቤት የሚገባው ደግሞ ሕዝብ የመረጠው ሰው ነው። የተፈለገው ሰው አባል ሳይሆን ሲቀር በጓሮ በር ማስገባት ተያዘ። ለአዲስ አበባማ ምክትሉ ከምክር ቤቱ ውጭ ሊሾም እንዲችል ቻርተሩ ራሱ ተሻሻለ።

ልብ ይባልልኝ፤ የሰዎቹን ሥራ ልመዝን አልተነሣሁም። ክሴ በዘዴው ላይ ነው። ጊዜው አጣዳፊ ነበር፣ አገር በለውጥ ላይ ነበረች የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አጣዳፊነቱን አልክድም። ግን የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች አሉት፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ከተማ የሚመራ አንድ ሰው ጠፋ ማለት ነው? ጠፍቶም ከሆነ፣ ለተጓደለ ወንበር የማሟያ ምርጫ የሚባል ነገር አለ። አጠቃላዩ ምርጫም ሰኔ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሲዘገይ ጊዜያዊ የተባለው ነገር ዓመታት ቆጠረ።

ቀደም ባለው ዘመን እንኳ ነገሩ ከዚህ የጠራ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ የማን እንደራሴ እንደሆኑ አገር ያውቅ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩና። ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ እንደራሴው ቢያዘነብልም፣ ስሙ ባለቤት አላጣም።

የሰው አገርም እንይ። በናይጄሪያ ሕገ መንግሥት ለግዛት ገዥነት የሚወዳደር ሰው ምክትሉን አብሮ ካላቀረበ ዕጩ አይሆንም፤ መራጩም ለሁለቱ በአንድ ድምፅ ይፈርዳል። እርግጥ ነው፣ እዚያም ምክትሉ ገዥው ካልሰጠው በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ሆኖም የካዱና ገዥ ፓትሪክ ያኮዋ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞቱ ምክትላቸው ሙክታር ዬሮ ወዲያው ተተኩ። «ይህን ሰው ማን መረጠው?» የሚል ቢመጣ መልሱ ከድምፅ መስጫው ሣጥን ይገኛል። ለእኛ ምክትሎች ይህ መልስ ከየት ይምጣ?

በ2014 ዓ.ም. ምርጫው አልፎ የሰዎቹ ስም ከሥራቸው ጋር ታረቀ። ይህ ግን አያጽናናኝም፤ አንዴ የተሄደበት አቋራጭ ሁለተኛ ለመሄድ አያስፈራምና። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዋናውን ተክቶ የሚያስተዳድር ምክትል እርሱም ሕዝብ የመረጠው ይሁን። የዋናው ወንበር ባዶ የሚቆይበትም ጊዜ በቀን ተቆጥሮ በሕግ ይጻፍ። ቀኑ ሲያልቅ ምክር ቤቱ ዋናውን ይምረጥ፤ መምረጥ ካቃተውም ወደ መረጠው ሕዝብ ይመለስ። የሚመራኝን ሰው በሙሉ ስሙ ልጠራው፣ በጥፋቱም ልጠይቀው መብቴ ነው። ምክትሉን ስጠይቅ «አለቃዬን ጠይቅ» ቢለኝ ወዴት ልሂድ ኖሯል?